የሜዳችን ጨዋታ ይመለስልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቡድናችን የሚጫወትበት፣ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው የእግር ኳስ ከፍተኛ ሊግ በተመረጡ ከተሞች መካሄዱ ለክለቦች ወጪ ይቆጥባል ይባላል። ይሁን፣ የክለቦቹ ኪስ እንደሳሳ እኔም አላጣሁትም። ፕሪሚየር ሊጉም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ እሱ ግን በቴሌቪዥን ሲታይ ቆይቷል። እኛ ውጤት የምንሰማው በስልክ ነው።

ደሴ ላይ ቡድናችን በሜዳው ሲጫወት እሁድ ሌላ ነበር። የልብስ ስፌት ቤቴን ቆልፌ፣ ፒያሳ ቡናዬን ፉት ብዬ ወደ ሆጤ ስታዲየም። በር ላይ ሱፍ የምትሸጠው ልጅ፣ «አባባ፣ ዛሬስ ይቀናናል?» ትለኛለች። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ የወዲያኛው ጎል ይሰወርብናል፤ ኳሷ መግባቷን የምናውቀው ከማዶ በሚመጣው ጩኸት ነው። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ዘጠናውን ደቂቃ ዳኛውን ሲራገሙ ውለው፣ ፊሽካው ሲነፋ «ደህና ልጅ ነው» ይላሉ። ተከላካያችን ቢሳሳት እንኳ አፍ አይከፈትም፤ እናቱ ከኋላችን ተቀምጣለች።

ፌዴሬሽኑ ቢያንስ ሁለተኛውን ዙር በሜዳና ከሜዳ ውጪ ያድርገው። የአውቶቡሱ ወጪ ከከበደ መግቢያው ላይ ይጨመርብን፣ እንከፍላለን።

ልብስ ሰፊው ደጋፊ፣ ከደሴ