ይድረስ ለወንድምዓለም፤ ስለ ረጃጅም ሸክላዎችና ስለ እኩለ ሌሊት ፊልሞች

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ቆየን፤ ማን ማንን ይወቅሳል፣ እንለፈው። ሳንቋጨው የቀረ ጭቅጭቅ ግን አለን። አንተ «ይሄ ፕሮግረሲቭ ሮክ የምትሉት ነገር ተጀምሮ አያልቅም» ትል ነበር፣ ያንን ረጃጅም ዘፈን የሚወደውን የሮክ ዓይነት፤ ለፊልም ሲሆን ግን የሦስት ሰዓቱንም ሳትነቃነቅ ታያለህ። ስለዚህ በፊልሙ በር ላስገባህ ነው። የዚያ ዘመን ሸክላዎችና ከልት የሚባሉት፣ ጥቂት አፍቃሪ ደጋግሞ የሚያያቸው ፊልሞች የተሠሩት በአንድ ዓይነት እጅ ነው፤ እነዚያ ቴፕ፣ እነዚህ ፊልም እየቆረጡ በመቀጠል። ቅጥሉ የት እንዳለ ማዳመጥ ከጀመርክ ርዝመቱ አያስቸግርህም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ ሜሎትሮን የሚባለውን መሣሪያ እወቀው። ሲያዩት ኦርጋን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ቴፕ ነው። በ1963 በርሚንግሃም ውስጥ የተሠራ የእንግሊዝ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ ቁራጭ ቴፕ አለው፤ ቴፑ ላይ ቫዮሊን ወይም ዋሽንት ወይም የመዘምራን ድምፅ በዚያው ቁልፍ ኖታ ተቀድቷል። ቁልፉን ስትጫን ቴፑ ከሚሽከረከረው ዘንግና «ሄድ» ከሚሉት ድምፁን ከሚያነበው ክፍል ጋር ይገጥምና ድምፁ ይወጣል፤ ስትለቅ ስፕሪንግ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ቴፑ ጫፍ ስላለው ስምንት ሴኮንድ ገደማ ሲሞላው ድምፁ ቀጥ ይላል። ክብ አድርገው ያልቀጠሉት በምክንያት ነው፤ ክብ ቢሆን ደጋኑ ገመዱን የሚነካበት የመጀመሪያው ቅጽበት በእያንዳንዱ ጭነት በትክክል አይገኝም ነበር። ስለዚህ ተጫዋቹ ስምንቱ ሴኮንድ ሳያልቅበት ጣቱን ማዛወር አለበት። ብዙ ቁልፍ ባንዴ ከተጫነ ደግሞ ሞተሩ ይከብደውና ዜማው ወደ ታች ይንሸራተታል። ያ መንሸራተት ነው እንግዲህ ያንን የሚያስለቅስ ድምፅ የሚሰጠው።

ይህንን በደንብ የምትሰማው በጥቅምት 1969 በወጣው የኪንግ ክሪምሰን ባንድ «ኢን ዘ ኮርት ኦቭ ዘ ክሪምሰን ኪንግ» ላይ ነው፤ ሜሎትሮኑን የያዘው ኢያን ማክዶናልድ ነው። አምስት ዘፈን ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው በጩኸት ስለሚያባርርህ ለመጨረሻ አቆየው፤ ከሁለተኛው፣ ዋሽንት ካለበት ጀምር፣ ከዚያ ወደ «ኤፒታፍ» እለፍ። «ሙንቻይልድ» አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ዘፈኑ የሚያልቀው ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ላይ ነው፤ የቀረው እዚያው የፈጠሩት ጨዋታ ነው። ብትዘለው አልቀየምህም።

ከዚህ ሸክላ ቀጥለህ የጀርመኑን ዳይሬክተር የቨርነር ሄርዞግን «አጊሬ» (1972) እይ። ሲከፈት ፔሩ ውስጥ፣ ጉም የሸፈነው ገደል ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው በቀጭን መንገድ ተሰልፎ ይወርዳል፤ ከላዩ የሰው ነው ለማለት የሚያስቸግር የመዘምራን ድምፅ ይንሳፈፋል። ሙዚቃው ፖፖል ቩህ የተባለው የጀርመን ባንድ ነው። የባንዱ መሪ ፍሎሪያን ፍሪከ የተጠቀመበት መሣሪያ የሜሎትሮን ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ውስጡ ያሉት ሦስት ደርዘን ገደማ ቴፖች ክብ ሆነው ጎን ለጎን መሽከርከራቸው ነው። ስለዚህ ድምፁ ትንፋሽ አይወስድም፣ ማለቂያም የለውም። ከ«ኤፒታፍ» ወዲያው በኋላ ካየኸው ጆሮህ ልዩነቱን ራሱ ይነግርሃል። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የተዋናዮቹ ከንፈር ከጀርመንኛው ጋር ባይገጥም ማጫወቻህ ተበላሸ አትበል፤ ቀረጻው በእንግሊዝኛ ተካሂዶ ነው ጀርመንኛው በኋላ የተጫነበት። ምስሉም ወደ ካሬ የቀረበ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ጥቁር ቢተው ተወው፣ አትለጥጠው።

አሁን ቴፑ ወደሚቆረጥበት ምላጭ። በ1973 የወጣው የፒንክ ፍሎይድ ባንድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» ሁለተኛ ገጽ የሚከፈተው «መኒ» በሚለው ዘፈን ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው የሳንቲም፣ የወረቀት ቅዳጅና የገንዘብ መቀበያ ማሽን ድምፅ እየዞረ የሚመጣ ክብ ቴፕ ነው፤ ሰባት ድምፅ ለሰባት ምት። ሮጀር ዋተርስና ጓደኞቹ ቁራጮቹን በማስመሪያ እየለኩ ነው የቀጠሏቸው። አስበው፤ ቴፑ በሴኮንድ 38 ሴንቲሜትር ቢሮጥ፣ ምቱም በደቂቃ 120 ገደማ ቢሆን፣ ለአንድ ምት 19 ሴንቲሜትር ቴፕ ያስፈልጋል፤ ሰባቱ ሲገጣጠሙ 133 ሴንቲሜትር። አራት ሚሊሜትር ብትሳሳት ምቱ በመቶኛ ሴኮንድ ይዛነፋል፤ አንድ ቁራጭ ላይ ከሆነ ሲዞር ሲዞር እዚያው ቦታ ላይ ያነክሳል። ምላጩም በቀጥታ አይቆርጥም፣ በሰያፍ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ቅጥሉ በ«ሄዱ» ሲያልፍ «ጠቅ» ይላል፣ በሰያፍ ከሆነ ግን አንዱ ድምፅ ቀስ ብሎ ለሌላው ይለቃል። እንዲህ የረዘመ ቴፕ ደግሞ ማሽኑ ላይ ብቻ ስለማይወጠር በማይክራፎን መቆሚያ ዙሪያ ያሳልፉታል፤ ከላላ ድምፁ ይዋልላል።

የኛ ጆሮ በቺክቺካው ስድስት ምት ስላደገ ሰባቱ መጀመሪያ ያደናቅፈዋል። «አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት» እያልክ ጠረጴዛውን ምታ። ሳክስፎኑ እስኪጨርስ ሰባት ነው፤ የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ሲገባ ወደ አራት ይዞራል፤ እዚያ ጋ ነው እፎይ የምትለው። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለ ቃል የምታዜመውን ሴት አትለፋት፤ ክሌር ቶሪ ትባላለች። ጥር 1973 አንድ እሑድ ቀን ገብታ ዘፍና 30 ፓውንድ ተከፈላት። በ2004 ከሰሰች፣ በ2005 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ፤ ስሟም ከደራሲዎቹ ጋር ተጻፈ። ደግ አደረገች።

ይህን ሸክላ ከ1939ኙ «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ጋር፣ ፊልሙ ሲከፈት የኩባንያው ምልክት ላይ ያለው አንበሳ ሦስተኛ ሲያገሳ ጀምረህ አጫውተው የሚሉህን አትስማቸው። አልበሙ 43 ደቂቃ፣ ፊልሙ 101 ደቂቃ ነው፤ የሚገጥም የሚመስለው ዓይንህ የገጠመውን ብቻ ስለሚይዝ ነው።

የፍሎይዶችን ፊልም ማየት ከፈለግክ አድሪያን ማበን በጥቅምት 1971 ፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ ባዶው አምፊቲያትር ላይ የቀረጸው አለልህ። ተመልካች የለም፤ ዕቃ፣ አቧራና አራት ሰው። መብራቱ ዕቃውን ሁሉ አልችል ብሎ ቀናት ከባከኑ በኋላ ነው ገመድ ከከተማው ድረስ ተዘርግቶ የጀመሩት። «ዋን ኦቭ ዚዝ ዴይዝ» ላይ ድራመሩን ኒክ ሜሰንን ብቻ ለምን ያሳዩናል ብትል፣ የሌሎቹ ቀረጻ ጥቅልል ስለጠፋ ነው። ከፊሉ ደግሞ ፓሪስ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ መለያው የሪቻርድ ራይት ጺም ነው፦ ካለው ፖምፔ፣ ከተላጨ ፓሪስ። «ኤኮስ» የሚጀምርባት ጠብ እንደሚል ውሃ ያለች ድምፅ ፒያኖ ናት፤ በሚሽከረከር ስፒከር በኩል አሳልፈዋት ነው። በ2025 ታድሶ ሲኒማ ገብቷል፤ ያንን ፈልግ።

«ሱስፒሪያ» (1977) ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዳይሬክተሩ ዳሪዮ አርጀንቶ ጎብሊን የተባሉትን የጣሊያን ፕሮግረሲቭ ልጆች አስቀድሞ አስቀርጾ፣ ቀረጻው ቦታ ላይ ሙዚቃውን በጩኸት እየለቀቀ ተዋናዮቹን አሠርቷል፤ የሚፈሩት የእውነታቸውን ይመስላል። ቡዙኪ የሚሉት የግሪክ ባለ ክር መሣሪያ፣ ታብላ የሚሉት የህንድ ከበሮ፣ ሙግ የሚሉት የኤሌክትሮኒክ ሲንተሳይዘርና ሹክሹክታ አለበት። ካሜራውን የያዘው ሉቺያኖ ቶቮሊ ባለቀለም ጨርቅ መብራት ፊት እየዘረጋ አብርቷል፤ ኮፒው የታተመው ሮም በሚገኘው ቴክኒከለር፣ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው እየተነከረ በሚታተምበት አሮጌ ዘዴ ነው። ቀዩ ወደ ብርቱካን ካደላ ኮፒህ መጥፎ ነው፤ በ2017 ቶቮሊ ራሱ ቆሞ ያሳደሰውን አግኝ።

አሮጌ የአውሮፓ ዲቪዲ ካለህ ሌላ ጣጣ አለበት። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ተቀርጾ፣ የአውሮፓ ቴሌቪዥን ግን 25 ስለሚያሳይ በዚያው ፍጥነት ያስሮጡታል። የ98 ደቂቃው ፊልም በ94 ያልቃል፤ ሙዚቃውም ግማሽ ቶን ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከፍ ይላል። ከሸክላው ጋር ስታነጻጽር የማይገጥመው ለዚህ ነው። ብሉሬይ ላይ ችግሩ የለም። ቴሌቪዥኑ ላይ «እንቅስቃሴ ማለስለሻ» የሚሉትንም አጥፋው፣ ፊልሙን የሰፈር ሰርግ ቪዲዮ ያስመስለዋል።

የዳይሬክተሩን የዊልያም ፍሪድኪንን «ሶርሰረር» (1977) ጊዜ ሲኖርህ ጨምረው፤ ታንጀሪን ድሪም የተባሉት የጀርመን ባንድ ሙዚቃውን የሠሩት ፊልሙን ሳያዩ፣ ስክሪፕቱን ብቻ አንብበው ነው።

በስልክ ከሆነ የምታዳምጠው የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን ሹፍልና ዘፈን በዘፈን ላይ የሚደርበውን ክሮስፌድ አጥፋ፤ አለበለዚያ እነዚያ ሰዎች በምላጭ የለኩትን ቅጥል መተግበሪያው ባንዴ ያፈርሰዋል።

ሸክላዎቹን በሚመጣ ሰው ልልክልህ አስቤያለሁ። መጀመሪያ ግን ማጫወቻህ ላይ መርፌው ስንት ግራም እንደሚጫን ጻፍልኝ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው፤ ከበዛ መርፌው የሚሄድበትን የሸክላውን ቦይ ይበላዋል፣ ካነሰም ይዘላል፣ መዝለሉም ያበላሸዋል። ትንሿ የመርፌ ሚዛን ከሌለህ አብሬ እልካለሁ።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው ወንድም