ለደንበኞቻችን፦ የካርድ ሊሚት ሲቀነስ ስኮር ለምን ይወርዳል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን አንዲት ደንበኛችን ቢሯችን መጥተው ሁለት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አንዱ ባንካቸው የክሬዲት ካርዳቸውን ሊሚት፣ ማለትም በካርዱ ሊበደሩ የሚችሉትን ከፍተኛ መጠን፣ ከ8,000 ወደ 3,000 ዶላር ማውረዱን ይገልጻል። ሌላው የክሬዲት ስኮራቸው፣ ማለትም አበዳሪዎች ታማኝነታችንን የሚመዝኑበት ነጥብ፣ መውረዱን ያሳያል። «አንድ ቀን ሳላሳልፍ እየከፈልኩ ምን አጠፋሁ?» አሉን።

ምንም አላጠፉም። ካርዱ ላይ 2,400 ዶላር ዕዳ ነበረባቸው። ከ8,000 ሲሰላ 30 በመቶ ነው። ከ3,000 ሲሰላ ግን 80 በመቶ ሆነ። ዕዳው ያው ነው፤ የተፈቀደላቸው ብድር ግን ጠበበ። አበዳሪዎች በብዛት የሚያዩት የፋይኮ (FICO) ስኮር 30 በመቶ የሚሆነው ያለብንን ዕዳ የሚያይ ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ከሊሚታችን ምን ያህሉን እንደተጠቀምን ትልቅ ቦታ አለው። የሊሚቱ መቀነስ በራሱ እንደ ጥፋት አይመዘገብም። ካርዱ ላይ ዕዳ ለሌለበት ሰው ለውጡ ብዙም ላይሰማው ይችላል።

ደግነቱ ይህ እንደ ዘገየ ክፍያ 7 ዓመት የብድር ታሪካችን በሚመዘገብበት የክሬዲት ሪፖርት ላይ አይቆይም። ዕዳው ሲቀንስ ስኮሩም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ወር ይመለሳል። ደንበኛችን ወደ 30 በመቶ ለመመለስ 1,500 ዶላር መክፈል አለባቸው። ከዚያም በታች ቢያወርዱት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ቀኑን ልብ በሉ። ካርድ ሰጪዎች ዕዳችሁን ሪፖርቱን ለሚያዘጋጁት ድርጅቶች (ለክሬዲት ቢሮዎች) የሚያሳውቁት ብዙውን ጊዜ ስቴትመንቱ፣ ማለትም የወሩ የሂሳብ መግለጫ፣ ሲዘጋ ነው። የመክፈያው ቀን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕቁብ ከደረሳችሁና ካርድ ልትከፍሉበት ካሰባችሁ፣ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት ክፈሉ።

«ካርዱ እንዳይፈትነኝ» ብላችሁ ሊሚቱን ራሳችሁ ማስቀነስ የምትፈልጉም አላችሁ። ሐሳባችሁን እናከብራለን፤ ከዕዳ የሚጠብቅ ነገር ሁሉ ደግ ነው። ግን መጀመሪያ ዕዳውን አውርዱ። በቅርቡ የቤት ወይም የመኪና ብድር የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ ብድሩ ተፈቅዶ እጃችሁ እስኪገባ ታገሡ። ለጊዜው ካርዱን ቤት ትታችሁ መውጣትና ከስልካችሁ ላይ ማጥፋት ይበቃል።

ባንኩ በራሱ ከቀነሰባችሁ ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ውሳኔው በክሬዲት ሪፖርታችሁ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ሪፖርቱን የሰጠውን ክሬዲት ቢሮ ሊነግሯችሁ ይገባል። በ60 ቀን ውስጥም ከዚያ ቢሮ ሪፖርቱን በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ስህተት ካለበት ማስተካከል የሚጀመረው ከዚያ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ እባካችሁ አትጣሉት። ከመጨረሻው ስቴትመንታችሁ ጋር ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሂሳብና የታክስ ቢሯችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ