«ወገብህ እንዴት አደረ?» አትበዪኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ይኸው፣ እኔም ጀመርኩት። ልጽፍልሽ የተነሣሁት ስለዚሁ ነው።

ጠዋት ስትደውዪ መጀመሪያ «ወገብህ እንዴት አደረ?» ትይኛለሽ። ያኔ እኔ ሄጄ አየዋለሁ። ተኝቶም ከሆነ እቀሰቅሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ የምትነግሪኝን ግማሹን አልሰማም። ባለፈው ስለ ቡናው ለቀማ ስታወሪ ዝም ብዬ «እሺ እሺ» ያልኩት ለዚህ ነው። ተቀይመሽ ስልኩን ዘጋሽው። አልፈርድብሽም።

ወገቤን መታመም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል፤ የኔማ ቅርንጫፍም አውጥቷል። ራጁ ደህና ነው ሲሉኝ «ታዲያ ውሸቴን ነው?» ብዬ ተናድጄ ነበር። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ ናት ያስረዳችኝ። የተጎዳው ቦታ ቢድንም ነርቭና አንጎል ጥበቃውን ላይተዉ ይችላሉ። ሌባ የገባበት ቤት ውሻ ለነፋሱም ይጮህ የለ? ሕመሙ የእውነት ነው። ጥበቃው ግን በዝቷል።

የሚገርመው፣ ቀኑን ሙሉ ገላዬን እያዳመጥኩ ሌላውን አልሰማም። ማክሰኞ እያስተማርኩ እጄ ተንቀጥቅጦ ጠመኔው ወደቀብኝ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ረሃቡን ወገቤ ሸፍኖታል።

እሁድ ጣና ዳር ወጥቼ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። ከናንተ ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ መጣ። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ከኋላ በኩል ሊሰጥም ምንም አልቀረው። ቀዛፊው ሽማግሌ ናቸው፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይመቱታል። አንዲት ፔሊካን የምትባል ወፍ ከፊታቸው አልነሣ ብላ «ወግጂ አንቺ!» ሲሏት ብቻዬን ሳቅሁ። እንጨቱ ተራግፎ እስኪያልቅ አየሁ። «ወገቤስ?» ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወዲያው ከተፍ አለ።

ልጅ ሆኜ ስወድቅ ጉልበቴን ታሺልኝ ነበር። ሜልዛክና ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚህ ጽፈዋል። የሕመሙ መልእክት ወደ አንጎል ሲወጣ አከርካሪው ውስጥ በር አለ ይላሉ፤ ሲታሽ በሩ ገርበብ ይልና የሚያልፈው ሕመም ይቀንሳል። ሐሳብ ሌላ ነገር ላይ ሲውልም እንደዚያው። አንቺ ዘይት ታደርጊበት ነበር። እነሱ ስለ ዘይቱ አላነሡም።

«ፊት አትስጠው» ስትይኝ እንደማስመሰል የቆጠርሽብኝ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግማሹን ተቀብያለሁ። ፊት ነስቼው የሚሄድ አይደለም፤ እንቅስቃሴዬንም አልተውኩም። ግን በየጠዋቱ በስሙ እየጠራን አናስነሣው።

ሲብስብኝ ራሴ እነግርሻለሁ። አንቺም ጉልበትሽ ሲብስ አትደብቂኝ፤ እንደ ባለፈው ከጎረቤት እንዳልሰማ። ነገ ስትደውዪ ግን መጀመሪያ ቡናው ስንት ኪሎ እንደወጣው ንገሪኝ። የዛን ዕለት አልሰማሁሽም።

ልጅሽ፣
ከባሕር ዳር