ለታመመ ሠራተኛ ሁሉ የየራሱ አዋጅ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በማሳቹሴትስ ግዛት መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ ልንነጋገርበት ይገባል ብዬ የማምንበትን አንድ ጉዳይ ለማንሣት እወዳለሁ። የግዛቲቱ ምክር ቤት፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በጽኑ ታሞ ያጠራቀመው የሕመም ፈቃድ ሲያልቅበት፣ ለዚያ ሰው ብቻ የሚያገለግል የፈቃድ ባንክ በልዩ አዋጅ የማቋቋም የቆየ ልማድ አለው። አዋጁ አጭር ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ ከሕመም፣ ከግል ጉዳይ ወይም ከዓመት ፈቃዳቸው በፈቃደኝነት ቀን እንዲለግሱለት ይፈቅዳል፣ የተለገሰው ቀን ከሕመሙ ጋር ለማይገናኝ መቅረት እንዳይውል ይከለክላል፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የተረፈው ወደ ጋራ ባንክ እንዲዛወርም ያዛል።

ልግስናውን የሚነቅፍ ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ሰጪና ተቀባይ ተስማምተው ሳለ፣ ጉዳዩ 160 አባላት ባሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 40 አባላት ባሉት ሴኔት አልፎ የአገረ ገዥ ፊርማ ይጠብቃል። ምክር ቤቱ ራሱ መዘግየት እንደሚጎዳ ስለሚያውቅ በአዋጁ መግቢያ የአስቸኳይነት ድንጋጌ ያስገባል፤ ይህ ግን የሚያስቀረው ከፊርማ በኋላ ያለውን የጥበቃ ጊዜ እንጂ ከፊርማው በፊት ያለውን አይደለም። በዚያ ላይ የሕመሙ ዓይነት ባይገለጽም የታማሚው ሙሉ ስምና መሥሪያ ቤቱ በሕግ መዝገብ ታትሞ ይኖራል፤ ቀጣሪ የአመልካችን ስም በኢንተርኔት በሚፈትሽበት በዚህ ዘመን ነገሩ ቀላል አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ግን ረቂቁን የሚያቀርብለት እንደራሴ ማን እንደሆነ የማያውቅ፣ ደጅ መጥናትም ያልለመደ ሠራተኛ አለ፤ ከእኛ ከስደተኞቹ መካከል እንዲህ ያለው ጥቂት አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሚሰጠው ክፍያ ያለው የሕክምና ፈቃድ ለራስ ከባድ ሕመም በዓመት እስከ 20 ሳምንት ስለሚደርስ ችግሩን አቅልሎታል፤ ይሁን እንጂ ክፍያው ሙሉ ደመወዝን አይተካም፣ ከ20 ሳምንት በላይ የሚያስተኛ ሕመምም አለ።

የእድሮቻችን መተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ አባል ኀዘን በደረሰበት ቁጥር ጉባኤ ተጠርቶ አዲስ ደንብ አይረቀቅም። ምክር ቤቱም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሐኪም ማስረጃ ተመልክቶ እንዲህ ያለውን ባንክ በራሱ ሥልጣን እንዲከፍት የሚፈቅድ አንድ አጠቃላይ ሕግ ቢያወጣ፣ የታማሚው ስም ከሰው ሀብት ክፍሉ ፋይል ሳይወጣ ባልደረቦቹ የለገሱት ቀን በጊዜው ይደርሰው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከቦስተን