የቅሬታ ደብዳቤ፦ ስለ ቀርሜሎስ ተራራ የብስክሌት ጉዞ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በትክክል ስላልታቀደ ጉዞ ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

አገልግሎታችሁን ለማኅበረሰባችን የምታስተዋውቁት በአማርኛ ነው፤ የተስማማነውም በአማርኛ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬንም በአማርኛ አቀርባለሁ።

ባለፈው ሜይ አንድ ዓርብ ከአጎቴና ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በሰሜን እስራኤል ያለውን የቀርሜሎስን ደን በእናንተ በኩል በብስክሌት ሄድን። ለሦስታችን 1,350 ሼቄል ከፍለናል። ለዚህም ሦስት የመንገድ ብስክሌት (ለአስፋልት የሚሆን፣ ጎማው ቀጭን)፣ በስልክ የሚጫን የጉዞ መስመርና አጃቢ መኪና ይገባን ነበር። ጉዞው ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ የፈለግነውም ከባድ ስለሆነ ነው። ዳገቱን አይደለም የምከሰው።

በስልክ አጥብቄ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የአጎቴ ብስክሌት የኋላው ትልቁ ማርሽ፣ ዳገት እንዲቀለው፣ 34 ጥርስ ያለው እንዲሆን። አጎቴ 58 ዓመቱ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ጉልበቱ ግን ያማል። «ችግር የለም» አላችሁኝ። ጠዋት መነሻችን አትሊት ላይ ቁጢጥ ብዬ ስቆጥረው 25 ነው። ለሜዳ የሚሆን ማርሽ! የኦረንን ዳገት ግማሹን እየገፋ ነው የወጣው።

ዕቅዱ ራሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ወረቀታችሁ «ጠቅላላ ዳገት 480 ሜትር» ይላል። ከኦረን መገንጠያ በቤት ኦረን አድርጎ ወደ ዳሙን የሚወጣው 721 ቁጥር መንገድ ብቻውን 400 ሜትር ገደማ ያስወጣል። ከዚያ በ672 ወደ ኢስፊያና ወደ ዳልያት አል ካርሜል እየወረደ እየወጣ ይቀጥላል፤ የዳገቱ መጨረሻ ላይ ሙህራቃ የሚባለው ከፍታ አለ። ሙህራቃ 482 ሜትር ላይ ስለሆነ የመጨረሻውን ከፍታ አይታችሁ ዳገት ብላችሁ ጻፋችሁ። በመሃል የወረድነውን መልሰን እንደምንወጣው ያሰበ ሰው አልነበረም። ብስክሌት ነድቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም።

መስመሩ «ሙሉ በሙሉ አስፋልት» ተብሎ ነበር። ከቤት ኦረን ከፍ እንዳልን ስልኩ ወደ ቀኝ ታጠፉ አለን። ታጠፍን፤ ኮረኮንች ነው። ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው ብለን ገባንበት። ድንጋዩ እየባሰ ሄዶ የባልደረባዬ ጎማ ፈነዳ፣ ቀጥሎ የእኔ። የሰጣችሁን ትርፍ ከመነዳሪ አንድ ብቻ ነው። ለሹፌሩ ስንደውል ኔትወርክ የለም። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ብስክሌቱን ተሸክመን በዚያ ሻራቭ፣ በደረቁ የበረሃ ሙቀት፣ ተጓዝን። ለመንገድ ብስክሌት ነው ተብሎ ካልተነገረው መስመር የሚያወጣው ፕሮግራም አጭሩን መንገድ ይመርጣል፤ አንድ ሰው በመኪና እንኳ ቀድሞ ሄዶ ቢያየው ኖሮ እዚያ ባልገባን። ዳልያት ላይ አንድ የድሩዝ ማኅበረሰብ ሽማግሌ ከሱቃቸው ቀዝቃዛ ውሃ አውጥተው ሰጡን፤ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። የዚያን ቀን ያገኘነው እርዳታ ያ ነው።

መኪናዋ እስከዚያ ድረስ የት ነበረች? ሙህራቃ አጠገብ፣ «በደን መሃል ጀበና ቡና» የሚለው ማስታወቂያችሁ እንዲፈጸም። ደርሰን ስናይ ሹፌሩ ከጥድ ሥር ከሰል ዘርግቶ ክብሪት ይዞ ይጠብቀናል። ልጁ ጨዋ ነው፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ግን እግራችን ሥር ያለው የጥድ ቅጠል እንደ ገለባ ደርቋል፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ይነፍሳል። በዲሴምበር 2010 በዚህ ደን ቃጠሎ 44 ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ የሞቱት እኛ ጠዋት በወጣነው በቤት ኦረን መንገድ ላይ፣ በዳሙን እስር ቤት ያሉትን ከእሳቱ ለማሸሽ ሲሄዱ ነው፤ መታሰቢያቸው መንገዱ ዳር ቆሟል። በተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ውስጥ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ እሳት እንደማይነድ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ድርጅት ማወቅ አለበት። አጎቴ «ኤልያስ እሳት ያወረደበት ተራራ ነው፣ እኛ መጨመር የለብንም» ብሎ ክብሪቱን ከልጁ እጅ ወሰደ። ቡናው ቀረ።

የቀረውን መስመር፣ በኤልያኪም ወርዶ የሚመለሰውን፣ አልጨረስነውም። ብስክሌቶቹን መኪና ላይ ጭነን ተመለስን። ለስድስት ሰዓት ሐደራ ትገባላችሁ ተብለን ከአሥር ሰዓት በኋላ ገባን። ሰንበት በሚገባበት ዓርብ ቀን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እሑድ ስደውል «ስፖርት እኮ ነው፣ ወንድሜ፣ መድከም ያለ ነው» ተባልኩ። ስለ ድካም አልደወልኩም ነበር።

የሁለቱን ብስክሌት ኪራይ አልጠይቅም፤ ተጠቅመንባቸዋል። የአጎቴን ብስክሌት፣ የዕቅዱንና የአጃቢ መኪናውን ሒሳብ ግን በ14 ቀን ውስጥ እንድትመልሱልን እጠይቃለሁ። የከሰሉን ቡና ከማስታወቂያችሁ ዛሬውኑ አውጡት፤ ለዚህ 14 ቀን አልሰጥም። የመስመሩን ፋይል፣ የኮረኮንቹን ፎቶና የማርሹን ፎቶ አያይዣለሁ፤ ጥርሱን እናንተም መቁጠር ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር