ምንም የማልጠይቅህ ደብዳቤ

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ዝም በማለቴ ተቀይመህ ከሆነ እውነትህን ነው። ልጽፍልህ በተነሳሁ ቁጥር የምለምንህ ነገር ነበረኝ፤ አንዴ የእናቴ መድኃኒት፣ አንዴ የቤት ኪራይ። "ሲቸግረው ብቻ ነው ትዝ የምለው" እንዳትል ፈርቼ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠው ነበር። ዛሬ የምጠይቅህ የለም፤ ጻፍኩ።

የምሠራበት ድርጅት መዘጋቱን ሳትሰማ አትቀርም። ያን ሰሞን አንድ ሥልጠና ገብቼ "ኔትወርክ ፍጠሩ" ተባልንና በሻይ ሰዓት እየተሻማን ቢዝነስ ካርድ ተለዋወጥን። 42 ካርድ ይዤ ወጣሁ። ሁሉም ጋ ደወልኩ። ያነሱት ስድስት፤ ከስድስቱም አንዱ ኢንሹራንስ ሊሸጥልኝ ነበር። (ሳቅህ ከዚህ ይሰማኛል።)

ሥራ ያገኘሁት በልብስ ሰፊያችን ነው። ሐምሌ ላይ የሾላ ባለሱቆች ግብር ሊከፍሉ በዝናብ ሲሰለፉ ትዝ ይልሃል? የደረጃ "ሐ" ከፋዮች ያኔ ቀናቸው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር፤ ካለፈ ቅጣት አለው። እኔም የሒሳብ ሰው ነኝና ከሥራ ስወጣ ልብስ ሰፊው ቤት በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቅጽ እሞላላቸው ነበር። ለምን እንደጀመርኩት እንጃ፤ እዚያ ቤት ቡናው ስለሚጥም ይመስለኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሒሳብ ሠራተኛ አጣሁ ብሎ ሲያማርር ልብስ ሰፊው ሰማና መቀሱን አስቀምጦ ደወለልኝ።

አንተ ካለህበት ከቦስተን አጠገብ፣ ኒውተን ውስጥ፣ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ምሁር ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ በፈረንጆቹ 1973 ያሳተመው ጥናት አለ። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው ያዩት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነው የሚያዩት። ገባኝ። የቅርብ ወዳጄ የሚያውቀውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ልብስ ሰፊው ግን እኔ የማልደርስበትን ሰው ወገብ ይለካል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስነግርህ አፍራለሁ። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ "ነገ ይጠቅመኛል" እያልኩ ቅጽ መሙላት ጀመርኩ። የማን ሱቅ ትልቅ ነው፣ የማን ልጅ ባንክ ይሠራል እያልኩ መረጥኩ። ሰው ደግሞ ይሸተዋል! አንዲት ባለሱቅ ወረቀቷን ይዛ መጥታ ስለ ወንድሟ መሥሪያ ቤት ሳወጣጣት፣ ወረቀቱን መልሳ ከነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው። "ሌላ ቀን እመጣለሁ" አለች፤ አልመጣችም። አያቴ አገር ወንፈልና ደቦ ለየብቻ ነበሩ፦ ወንፈል ቀኑ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ደቦ የጠራ ግን አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል እንጂ የማንም ባለዕዳ አይሆንም። ሁለቱም ደግ ናቸው። የእኔ ጥፋት በደቦ ስም ወንፈል መግባቴ ነው።

ይልቅ እናትህን ቅዳሜ አየኋቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። እድራቸው አዲስ ድንኳን ገዝቷል፤ "አሮጌው ለቀስተኛ ላይ ያፈስ ነበር" እያሉ ደስ ብሏቸዋል። ስልክህን ይጠብቃሉ። ስትደውል ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ዜና ከተጀመረ አያነሱም።