ቅዳሜ ጠዋት ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ

የልጆች መጽሐፍ ለምትሥሉና ለምትጽፉ ሁላችሁ ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ቅዳሜ እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ኑ። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩት፤ በረድፍ የተደረደሩት ክንፋም የመላእክት ፊቶች በትልልቅ ዓይናቸው ቁልቁል ያዩናል፣ ልብ ብላችሁ ስታዩ ግን የአንዱ ገጽታ ከሌላው ይለያል። ለልጆች ለሚሥል ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

መጽሐፎቻችን ላይ የሰው አገር ድብ ሲሣል በጣም ያሳዝነኛል፤ እዚሁ ስሜን ተራራ ላይ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቁጭ ብሎ ሣር እየነቀለ የሚበላ ጭላዳ ዝንጀሮ እያለልን! ከኢትዮጵያ ውጪ ዱር ውስጥ አይገኝም እኮ።

ደራሲዎች ደግሞ እባካችሁ አያቶቻችሁን አንድ ተረት ጠይቁና ከ«ተረት ተረት፣ የላም በረት» ጀምሮ እንዳወሩት ጻፉት፣ አታሳምሩት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጫማ ይወለቃል፣ ፎቶ በፍላሽ አይነሣም። ከዚያ ቡና እየጠጣን የሣልነውን እናያለን።